አያ ግሬደር

በመጀመሪያ የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልጥራ። አባቴ ነበር። እናቴ ነበረች። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራው ታላቅ እኅቴ ነበረች። አባቴ መንገድ የሚጠርግ ግሬደር በሚነዳበት ዘመን ረዳቱ የነበሩት ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሚኒባሱን ያመጡትም የነዱትም እሳቸው ናቸው። ከደባርቅ የተሳፈረው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ከነክላሹ ነበር። ባለበቅሎው ነበር፤ ዳማ በቅሎውም ነበረች። መንገድ ላይ ያገኘናቸው አሮጊት ነበሩ፤ እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር። እኔም ነበርሁ፤ እንደ ልማዴ ብዙ አልተናገርሁም እንጂ።

የሄድነው ጅንባር ፏፏቴን ለማየት ነው። ጅንባር ለማየት ከማያስቸግሩ ፏፏቴዎች አንዱ ነው። ከደባርቅ የሚወጣው የጠጠር መንገድ አጠገቡ ያልፋል፤ ከመኪና ወርዶ በእግር ጥቂት መሄድ ነው። ጤነኛ ሰው ሳያልበው ይደርሳል። ለአባቴ ግን እንዲህ አልነበረም።

አባቴን ከጥቂት ዓመታት በፊት ደም ግፊት ጥሎት ግራ ጎኑ ዝሏል። ንግግሩ ተመልሷል፤ ቃላቱ ግን በቀኝ በኩል ካለው የአፉ ጥግ ነው የሚወጡት። የግራ እጁ ትእዛዝ ይሰማል፣ ግን ዘግይቶ ነው። እግሩን ሲራመድ ከመሬት አያነሳውም፤ በከፊል ይጎትተዋል። ሆስፒታል የሰጡትን የብረት ክራንች በሁለተኛው ቀን ጓዳ አስገባው። በምትኩ ታላቅ ወንድሙ ጥሎለት የሞተውን መቋሚያ ያዘ። አጎቴ ደብተራ ነበሩ፤ ያ መቋሚያ ስንት ማኅሌት ቆሞበታል። "ብረት የማኪና ነው፤ እንጨት የሰው ነው" አለ አባቴ፣ ነገሩም በዚሁ አለቀ።

በቤታችን ግቢ ውስጥ ከበሩ እስከ ኮክ ዛፉ ይመላለሳል። ከግቢው ግን አይወጣም። ለክርስትናም ለሠርግም ሲጠሩት "እናታችሁ ትሂድ" ይላል። ደግፈን ታክሲ ውስጥ ልናስገባው ስንሞክር የተናገረው ትዝ ይለኛል። "ሰው ተሸክሞኝ ከዚህ ቤት የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ እኔ አላየውም።"

እኔ ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው። ትምህርቴን ብዙ አልገፋሁም፤ ያወቅሁትን ያወቅሁት ፈትቼ በመግጠምና በማንበብ ነው። የአባቴን እጅና እግር ማንቀሳቀስም የተማርሁት በዚያው መንገድ ነው፤ ከስልክ ላይ እያየሁ፣ እኅቴን እየጠየቅሁ። ጠዋት ጠዋት እግሩን በእጄ ይዤ ሳጥፍና ስዘረጋ እሱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ስለ መንገድ ያወራኛል። ስለ ወልቃይት መንገድ፣ ስለ ሊማሊሞ ጠመዝማዛ፣ ስለ ጃናሞራ ጭቃ። ሕይወቱን በሙሉ የተናገረው በመንገድ ስም ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳይ ዐይኑ አረፈበት።

"ይህ የት ነው?"

"ጅንባር ነው። ከሳንቃበር አለፍ ብሎ።"

"ከመንገዱ ይርቃል?"

"ቅርብ ነው ይላሉ።"

"ለማን ነው ቅርብ?" አለ።

እውነቱን ነው። በእኛ አገር "ቅርብ ነው" የሚባል ቃል መታመን የለበትም። ገበሬ አገጩን ወደ ማዶ ቀና አድርጎ "እዚችው ናት" ካለህ ስንቅህን ፈትሽ።

ስልኩን ከእጄ ወሰደና ደጋግሞ አየው። ከዚያ ለራሱ በሚመስል ድምፅ ነገረኝ። መንገዱን ሲጠርጉ፣ ምሳ ሲበሉ ሞተሩን የሚያጠፉት እዚያ አካባቢ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ከታች፣ ከገደሉ በኩል፣ የማያቋርጥ ድምፅ ይሰማል። አባቴ "ውሃ ነው" ይላል። ረዳቱ "ነፋስ ነው" ይላሉ። በየክረምቱ ማብቂያ መንገዱን ሊጠርጉ በወጡ ቁጥር ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

"ወርዳችሁ አላያችሁም?"

"ሥራ ነበራ! ምላጩን አቁሞ ውሃ ሊያይ የሚሄድ ግሬደር ነጂ አይተህ ታውቃለህ?" አለና ስልኩን መለሰልኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ "ስንት ዓመት ሙሉ በራሱ ላይ ስንመላለስ አላየሁትም" አለ።

ከታመመ ወዲህ አንድ ነገር ሲፈልግ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከወሰድሁት እዚያ ማድረስ አለብኝ፤ መንገድ ላይ አቅቶት ቢመለስ ወይም ሰው ቢሸከመው ግን ዳግመኛ ከግቢ እንደማይወጣ አውቅ ነበር። ስለዚህ በግምት የምሄድበት ጉዞ አልነበረም።

የአንድ ስካውት ስልክ ፈልጌ አገኘሁ። መንገዱ ምን ያህል ይሰፋል? ቁልቁለት ነው ወይስ ዳገት? ድንጋዩ የሚንከባለል ነው ወይስ የተተከለ? ከጤዛ በኋላ ያንሸራትታል? ሰውዬው ታግሦ መለሰልኝ፤ በመጨረሻ ግን አልቻለም።

"ምነው ወንድሜ፣ ድልድይ ልትሠራ ነው?"

በቅሎ እንደሚገኝ ነገረኝ። በቅሎዋ የምትሄደው እስከ መጨረሻው እንዳልሆነም ነገረኝ። ፏፏቴው ፊት ለፊት የሚታየው ወደ ገደሉ ከገባች ጠባብ ጠርዝ ላይ ነው፤ እዚያ በቅሎ አይገባም፣ በእግር ነው። ይህን ለአባቴ አልደበቅሁትም። "እዚያ ስደርስ አስብበታለሁ" አለኝ።

እኔ የማስበው ስለ ኮርቻው ነበር። የግራ እግሩ እርካብ ውስጥ አይጸናም፤ በቅሎዋ በተራመደች ቁጥር ይወጣል። ከአሮጌ ቦርሳ ማንገቻ ቆርጬ፣ ውስጡን በስፖንጅ ደልድዬ፣ እግሩን ከእርካቡ ጋር የሚይዝ፣ በቅሎዋ ብትደነግጥ ግን በአንድ ስበት የሚፈታ ማሰሪያ ሠራሁ። ግቢያችን ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጬው ሞከርነው። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሰፋሁት።

እኅቴ አልወደደችውም። ሐኪም አማክራ "መድኃኒቱን ከወሰደና ካልደከመ ይሂድ" ተብላለች፤ ቢሆንም ከፍታውን ፈርታለች።

"አባባ፣ ከመኪናው ሳትወርድ ድምፁን ብትሰማስ?"

"ድምፁንማ ስንት ዓመት ሰማሁት፣ ልጄ።"

በጥቅምት መጀመሪያ፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሳይጎድል፣ በማለዳ ከጎንደር ተነሣን። ወለቃ ላይ እናቴ በመንገዱ ዳር የተደረደሩትን ድስቶች አይታ "አቁሙልኝ" አለች። ጎረቤታችን "በመልስ! አሁን ድስት ከገዛን እስከ ደባርቅ አቅፈሽው ነው" አሏትና አለፉ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቅዝቃዜው ጀመረ። በዳባት በኩል ገብሱ ቢጫ ሆኖ፣ የባቄላው ማሳ ጠቁሮ ነበር። አባቴ የፊት ወንበር ላይ መቋሚያውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ ዝም ብሎ ያያል። ደባርቅ ገብተን ስካውቱን ይዘን፣ አስፋልቱን ትተን ጠጠሩን ስንይዝና መኪናው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ተቀየረ።

"ይኸው! አሁን መንገድ ገባን" አለ።

"አስፋልቱስ ምን ነበር?" አለች እኅቴ።

"አስፋልት ምንጣፍ ነው። መንገድ ይህ ነው።"

ከዚያ በኋላ ዝም አላለም። የውሃ መውረጃ ቦዩ የት መሆን እንደነበረበት፣ የትኛው ኩርባ ላይ ድንጋዩ ምላጭ እንደ ሰበረ፣ የት ጭጋግ ውስጥ ቆመው እንደ ዋሉ ይናገራል። ጎረቤታችን መሪውን እንደያዙ ያርሙታል። "ያ ከዚህ አልፎ ነው። አንተ ሽማግሌ፣ ጭንቅላትህም ግራ ጎኑ ዛለ እንዴ?" ሌላ ሰው ይህን ቢለው አባቴ ይቀየም ነበር። ለእሳቸው ሳቅ መሰል ነገር አሳያቸው።

ከመኪናው የወረድንበት ቦታ ነፋሱ ይቆርጣል፣ ፀሐዩም ይፋጃል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። እናቴ ነጠላዋን አጥፋ በአባቴ ራስ ላይ ጠመጠመችለት፤ ጋቢውን አለበሰችው፤ ጥቁር ጃንጥላዋንም ይዛ ቀረበች። ባለበቅሎው ዳማዋን ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋር አስጠግቶ አቆመ። አባቴ ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ አያት፤ ፊቱ ጨለመ።

"ይህም መሸከም አይደለም እንዴ?" አለ።

መልሱን የሰጡት ጎረቤታችን ናቸው።

"በቃሬዛ የሚሄድ ሰው ታመመ ይባላል። በበቅሎ የሚሄድ ተሾመ ነው የሚባለው። ውጣ!"

ወጣ። ቀኝ እግሩን እርካብ ላይ አኖረ፣ ጎረቤታችን ግራ እግሩን አንሥተው አሻገሩለት፣ እኔ ማሰሪያውን አጠበቅሁ፣ እናቴ ጃንጥላውን ዘርግታ በቀኝ እጁ አስያዘችው። ባለበቅሎው ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን በጣቱ ነካካና "ይህን ማን ሠራው? ሸጋ ነው" አለ። "እኔ" አልሁት። ያን ቀን ከተናገርኋቸው ጥቂት ቃላት አንዷ ይህች ናት፤ በደስታ ነው የተናገርኋት።

እንዲህ ሆነን ሄድን። ስካውቱ ጠብመንጃውን አንግቶ ከፊት፣ ባለበቅሎው ልጓሙን ይዞ፣ አባቴ በነጭ ጥምጥም በነጭ ጋቢ ከጃንጥላው ሥር፣ መቋሚያውን ኮርቻው ላይ አጋድሞ፣ ጎረቤታችን በጎኑ፣ እናቴና እኅቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ። መንገዱ ጠጠር የለበትም፤ በጓሳ ሣሩና እንደ ሽበት ያለ የዛፍ ጢም በተንጠለጠለበት የአስታ ዛፍ መካከል እየተጣመመ ይወርዳል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ገለል ብለው አሳለፉን። እኔ የማየው የአባቴን ግራ እግር ብቻ ነበር። ከእርካቡ አልወጣም።

በመጀመሪያ ከፊታችን የመጡ ሁለት ገበሬዎች ከመንገዱ ወረዱ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ አሉ። አባቴ ጎንበስ ብሎ መለሰ፤ አገሩ ሰው አክባሪ ነው፣ አልገረመውም። ቀጥሎ ከሣር የሰፉትን ባርኔጣ ለእንግዳ ለመሸጥ የተቀመጡ ሴቶች ብድግ አሉ። አንዷ ለሌላዋ "ከጎንደር ነው የመጡት፤ መምህር ናቸው መሰል" ስትል ሰማኋት። ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ አባቴን እንደ ሌላ ሰው ያየሁት፦ ጥምጥም፣ መቋሚያ፣ በቅሎ፣ ጃንጥላ፣ ከፊት ጠብመንጃ ያዥ። እኛ እያንዳንዱን ነገር ለብርድ፣ ለፀሐይና ለእግር ብለን ነበር ያመጣነው፤ ባንድ ላይ ሲሆን ግን ትልቅ ካህን ሠርተን ነበር።

ጎረቤታችን ከእኔ ቀድመው ገብቷቸዋል። ሳቃቸውን ውጠው ድምፃቸውን ወፍራም አደረጉ፦ "ቀስ! ቀስ አድርገህ ሳብ፣ አባታችንን እንዳታንገላታ!" ባለበቅሎው እውነት መስሎት ደነገጠ።

አሮጊቷ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ከሴቶቹ መካከል ወጥተው፣ ነጠላቸውን አመሳቅለው፣ በቀጥታ ወደ በቅሎዋ መጡና ከአባቴ ጉልበት አጠገብ ቆሙ።

"ይፍቱኝ፣ አባ።"

ለዚህ መልሱ አንድ ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል። "እግዚአብሔር ይፍታ" ይባላል፣ መስቀል ይሳለማሉ፣ መንገድ ይቀጥላል። አባቴ መስቀል የለውም። ጎረቤታችን ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው በሹክሹክታ "በላትና እንለፍ" አሉት።

"አይሆንም" አለ አባቴ ጮክ ብሎ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ጎንበስ አለ። "እናቴ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም።"

"ትሕትናዎ ነው፣ አባ። አውቃለሁ።"

"አይደለሁም አልሁ። ግሬደር ነኝ።"

"ምን ነዎት?"

"ግሬደር ነጂ። ያንን ከላይ ያለውን መንገድ ስጠርግ የኖርሁ።"

አሮጊቷ ጥምጥሙን አዩ። መቋሚያውን አዩ። ጎረቤታችንን አዩ፤ እሳቸው ወደ ሰማይ ያዩ ነበር። ከዚያ ዐይናቸውን አጥብበው የአባቴን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

"ያ ቢጫው?"

"ያ ቢጫው።"

"አንተ ነሃ!" አሉ። "እርስዎ" የሚለው እዚያው ወደቀ። "አንተ ነሃ አፈሩን ሁሉ ገብሴ ላይ የገፋኸው! ምነው? ምን አድርጌህ ነበር?"

እናቴ "ኧረ በማርያም" አለች። አባቴ ግን ከኮርቻው ላይ ቀጥ አለ። እንዲህ ቀጥ ሲል ካየሁት ዓመታት አልፈዋል።

"እና መንገድ ጠርዝ ላይ ማን ዝሪ አለሽ? መንገድ ይሰፋል እንጂ አይጠብ!"

"መሬቴ ነዋ! መንገዱ ነው ወደ እኔ የመጣ፣ እኔ ወደ መንገዱ አልሄድሁ!"

"ይህችማ አሸነፈችህ" አሉ ጎረቤታችን።

አባቴ ሳቀ። ቀኝ ፊቱ ሲስቅ ግራው ስላልተከተለው ሙሉ ፊቱ ተጣመመ፤ እኅቴ ደም ግፊቱ የተመለሰበት መስሏት ሮጣ እጁን ያዘችው። እጁን ነጥቆ መሳቁን ቀጠለ። ድምፅ አውጥቶ ነው የሳቀው። ጃንጥላው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ።

አሮጊቷም ሳቁ። ሲጨርሱ ግን እጃቸውን በበቅሎዋ አንገት ላይ አድርገው ሌላ ነገር አወሩ። አንድ ክረምት መንገዱ በናዳ ተዘግቶ ነበር። የልጃቸው ሚስት ምጥ ይዟት ሁለት ቀን ሆናት። ወንዶቹ ቃሬዛ አዘጋጅተው ነበር፤ እሳቸው ግን በቃሬዛ ደባርቅ እንደማትደርስ አውቀዋል። በማግስቱ ጠዋት ከጭጋጉ ውስጥ ያ ቢጫው ማኪና ናዳውን እየገፋ ወጣ፤ ከኋላው የጭነት መኪና ተከትሎት ነበር። በዚያ መኪና ወሰዷት።

"መንታ ነው የወለደች። ሁለቱም ዛሬ በሬ ጠምደው ያርሳሉ። አንዱ ያንኑ ገብስ ነው የሚያርስ።"

ቀኑን ያስታውሰው እንደሆነ አላውቅም፤ ስንት ናዳ ጠርጓል። አስታውሳለሁ አላለም፣ አላስታውስም አላለም። አባቴ ጃንጥላውን ለእኔ ሰጥቶ ጥምጥሙን በቀኝ እጁ ፈታና ራሱን ገለጠ።

"እንግዲያ አንተ ካልባረክኸኝ እኔ ልመርቅህ፣ አያ ግሬደር" አሉ አሮጊቷ። በእኛ በኩል ገጠር ታላቅን ወንድ "አያ" ማለት ማክበርም ማቅረብም ነው፤ ለማያውቁት ሰው አይባልም። መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። "እግርህን ያጽናልህ። የጠረግኸው መንገድ አንተንም ያድርስህ። ዳገቱ ሜዳ ይሁንልህ። ከልጆችህ ፊት አያሳፍርህ።"

"አሜን" አልን ሁላችን። ስካውቱ ሳይቀር፣ ባርኔጣውን አንሥቶ።

ከዚያ ብዙ ሳንሄድ በቅሎዋ የምትቆምበት ደረስን። በእርግጥም ቅርብ ነበር፤ በሕይወቴ "ቅርብ ነው" ተብሎ ቅርብ የሆነ ቦታ ያየሁት ጅንባርን ብቻ ነው። ከፊታችን ጠርዙ ነበር። እንደ መርከብ አፍንጫ ወደ ገደሉ የገባ፣ በሁለት በኩል ቁጥቋጦ ያለው፣ አንድ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ። ካለንበት ሆኖ የሚታየው ከማዶው ገደል የሚነሣ የውሃ ጭስ ብቻ ነው። ድምፁ ግን ይሰማል።

"ይበቃል፣ አባባ" አለች እኅቴ። "ከዚህም ይታያል።"

"ጭሱ ነው የሚታየው።" ማሰሪያውን ራሱ በቀኝ እጁ አንድ ጊዜ ስቦ ፈታው። "አያ ግሬደር ከዚህ አይመለስም።"

አውርደን በመቋሚያው አቆምነው። አንድ እርምጃ ሄደ፤ ግራ እግሩ ከአንድ የዛፍ ሥር ጋር ተያዘ። ተወዛወዘ። እኔና ስካውቱ በአንድ ጊዜ ልንደግፈው እጃችንን ስንዘረጋ "እንዳትነኩኝ!" ብሎ ጮኸ። ቆመ። መንገዱን አየው፣ ግራ እግሩን አየው። እዚያ ላይ ሊያበቃ እንደሚችል ገባኝ። በመንገዱ ልክ ላይ ተሳስቼ አልነበረም፣ በማሰሪያውም አልተሳሳትሁም፤ ለዚህች ቦታ ግን የሠራሁት ነገር አልነበረኝም።

ጎረቤታችን አልፈውን ሄዱና ከአባቴ ፊት ዞረው ቆሙ። ጀርባቸው ወደ ገደሉ፣ ፊታቸው ወደ እሱ። ሁለቱን እጆቻቸውን በትከሻቸው ልክ አነሡ።

ከልጅነቴ ጀምሮ በወሬ የማውቀው ነገር ነበር። ግሬደር በገደል ጫፍ ሲሠራ ነጂው ጎማው የት እንዳለ አያይም፤ ምላጩ ይጋርደዋል። ረዳቱ ከፊት ሆኖ በእጁ ይመራዋል። ነጂው መሬቱን አያይም፣ የረዳቱን እጅ ብቻ ነው የሚያይ። እጁን ትቶ መሬቱን ያየ ነጂ ገደል ይገባል ይላሉ።

"ሞተር!" አሉ ጎረቤታችን።

አባቴ ዐይኑን ከእግሩ ላይ አንሥቶ እጃቸው ላይ አደረገ።

"አንደኛ ማርሽ። ና… ና… ቀኝ ስበር። ትንሽ። ቀጥ አርግ። ግራ ጎማህን አንሣ፣ ድንጋይ አለ። አንሣ አልሁህ! እንዲያ። ና…"

ግራ እግሩን አነሣ። ጠዋት ጠዋት አንድ ዓመት ሙሉ "አንሣ፣ አባባ" ስለው ያላነሣውን እግር ከመሬት ለቅቆ አነሣውና ከድንጋዩ ማዶ አኖረው። እኔ ከኋላው ነበርሁ፤ እጄ ቀበቶው አጠገብ ነው፣ ግን አልነካሁትም። ስካውቱ ጠብመንጃውን ለባለበቅሎው ሰጥቶ የጎረቤታችንን ኮት ጭራ ከኋላቸው ይዞ ነበር፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ገደል እንዳይገቡ። ማንም አልሳቀም። "ና… ፍሬን ያዝ… ቁልቁለት ነው… ልቀቅ… ና…"

ጫፉ ላይ ጎረቤታችን እጃቸውን አጣመሩ። አባቴ ቆመ። ስካውቱ ኮታቸውን ለቅቆ ወደ እኔ ተመለሰ፤ እሳቸውም ከአባቴ ፊት ወደ ጎኑ ገለል አሉ።

ጅንባር ከማዶ ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ይመጣና ሜዳው ሲያልቅበት ይወድቃል። ከላይ ነጭና ወፍራም ነው፤ መሐል ላይ ሲደርስ ይበተናል፤ ከዚያ በታች ውሃ ነው ለማለት ያስቸግራል። ታቹ አይታይም። ከሥሩ ነፋስ ሲመጣ የወደቀውን ውሃ መልሶ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ይለወጣል። አዳመጥሁ፤ የውሃውን ከነፋሱ መለየት አይቻልም። አባቴም ጎረቤታችንም ልክ ነበሩ፤ ስንት ዓመት የተከራከሩት በአንድ ድምፅ ነው።

እናቴ ከጠርዙ አፍ አልፋ አልገባችም። ገደል ያዞራታል፤ ጀርባዋን ለፏፏቴው ሰጥታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ባለበቅሎውን "አሁን ምን ያደርጋል?" ትለዋለች። እሱም "ውሃው ወይስ ሰውዬው?" አላት። "ሰውዬው ነዋ! ውሃውን ምን አደርገዋለሁ?"

ሰውዬው ቆሞ ነበር። በወንድሙ መቋሚያ ተደግፎ፣ ራሱን ገልጦ፣ ማንም ሳይዘው። ከኋላ ሳየው ጠማማ ነበር፤ ግራ ትከሻው ወርዷል። የዚያ ሰው ልጅ በመሆኔ የተሰማኝን ኩራት ከዚህ የተሻለ መጻፍ አልችልም፤ ስለዚህ እተወዋለሁ።

አባቴ አሁን ከግቢ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ብቻውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄዶ ተመለሰ። ዳገቱ ላይ "አንደኛ ማርሽ" ሲል ሰምተውታል ተብሎ የሰፈሩ ልጆች "አያ ግሬደር" ይሉታል። ይመልሳል፣ አይቆጣም።

እንግዲህ የጎደለውን እናንተ፣ አብራችሁ የነበራችሁ፣ ሙሉ። እኅቴ፣ ጠርዙ ላይ ከደረስን በኋላ ደም ግፊቱን ለክተሽ "አይታመንም፣ ከእኔ ይሻላል" ያልሽው ስንት ሆኖ ነው? እናቴ፣ ያ ጥምጥም ያደረግሽለት ነጠላ ጥለቱ አረንጓዴ ነበር ወይስ ሰማያዊ? እኔ አረንጓዴ ነው እላለሁ። ስካውቱ ይህን ካነበብህ፣ የአሮጊቷን መንደር ጠይቅልኝ፤ መንታዎቹንም ማየት እፈልጋለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን እርስዎን፣ ጎረቤታችንን፣ ነው የምጠይቅ፣ ጋሼ። ጫፉ ላይ ከአባቴ ጎን የቆሙት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ውሃውን ለረጅም ጊዜ አይቶ ወደ እርስዎ ዞረና አንድ ነገር ተናገረ። ከኋላ ሆኜ ቀኝ የአፉ ጥግ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ድምፁን ግን ጅንባር ዋጠው። እርስዎ ራስዎን ወደ ጎን አዙረው በኮትዎ እጅጌ ዐይንዎን ጠረጉ። ስጠይቅዎ "የውሃው ፍንጣሪ ነው" አሉኝ። እሱን ስጠይቀው "የሰማ ይናገር" ይለኛል። የሰሙት እርስዎ ነዎት። ምን አለዎት?